ኩሽኔታው ምን በደለ?

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ከአለም ገና ወደ ሰበታ ስነዳ ነው። የሩቅ ወፍጮ ይመስላል። ፍጥነቱ 40 ሲደርስ ይጀምራል፣ 60 ላይ ይደምቃል፣ ስቀንስ አብሮኝ ይቀንሳል። ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩት። የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ጥገና ይሄ ነው።

መኪናዬ አሮጌ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፣ ፎር ዊል። ሥራዋ ከተፍኪና ከበቾ ገጠር ጤፍና ሽምብራ ማምጣት ነው። ያን አገር የሚያውቅ ጭቃውን ያውቀዋል። ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እንደ ሊጥ ጎማ ላይ ይጠቀለላል። ሐምሌ ላይ መንገዱና ኩሬው አይለዩም። አንድ ቀን «ቁርጭምጭሚት አይደርስም» የተባልኩት ውሃ ውስጥ ስገባ የፊት ጎማዎቼ እስከ ወገባቸው ሰጠሙ።

ያናደደኝ ግን ድምፁ አልነበረም። የቀኙ የፊት ጎማ ኩሽኔታ ከተቀየረ ገና ሦስት ወሩ ነው። «ፎርጅድ ሸጡልኝ» ብዬ ደመደምኩ። ሰበታ ውስጥ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ። እሳቸው ጋ ሄጄ ሻጩን ማማት ስጀምር፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ኩሽኔታው ምን በደለ ልጄ? ኩሽኔታ እንዲሁ አይሞትም። የሚገድለው አለ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስሞቹ። የወረስናቸው ከጣሊያን ነው። ኩሽኔታ በነሱ ቋንቋ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። ፓራኦሊዮ «ዘይት ከልካይ» እንደማለት ነው፤ ዘይት እንዳይወጣ፣ ጭቃ እንዳይገባ የሚዘጋ የላስቲክ ቀለበት ነው። ሞዞ ደግሞ ጎማው በቡሎን የሚታሰርበት፣ መሐሉ ክፍት የሆነው ወፍራም ብረት ነው። እንደኔ እንደኔ ጥሩ ስሞች ናቸው። ሥራቸውን ይናገራሉ።

ሞዞው የሚሽከረከረው በማይሽከረከር ወፍራም የብረት ቱቦ ላይ ነው። ፎር ዊል ላይ በዚያ ቱቦ ውስጥ ከዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያካፍለው ክፍል) ጉልበት የሚያመጣው ዘንግ፣ አክስሉ፣ ያልፋል። ሞዞውና ቱቦው በቀጥታ ቢነካኩ ብዙ ሳይሄዱ ይግላሉ፣ ይበላላሉ። ስለዚህ በመሐላቸው ትራሱ ይገባል።

በአሮጌ ፒካፖች የፊት ሞዞ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታ አለ። አንዱ ከውስጥ በኩል ነው፣ አንዱ ከውጭ። በውስጣቸው ያለው ኳስ አይደለም። አንድ ጫፋቸው ቀጠን ያለ አጫጭር ሮለሮች ናቸው። ይህን ቅርፅ አሜሪካ ውስጥ ሄንሪ ቲምከን የሚባል ጋሪ ሠሪ በ1898 እ.ኤ.አ. ፓተንት አስወጥቶበታል። ሰውዬው ጋሪ ሠሪ መሆኑ አይገርምም። የጫነ ጋሪ ሲታጠፍ መንኮራኩሩ ላይ የሚደርሰውን የሚያውቀው እሱ ነው።

ጎማ ሁለት ዓይነት ጫና አለበት። አንዱ ከላይ የሚመጣው ነው፤ ኩንታሉ። ሌላው የጎኑ ነው። ስትታጠፉ መኪናዋ ወደ ውጭ መንሸራተት ትፈልጋለች፣ ጎማው ይይዛታል። ቀጥ ያለ ሮለር የላዩን ብቻ ይችላል። ቆሎ የሚሸጡ ልጆች የሚጠቀልሏትን የወረቀት ቀንድ አስቡ። አንዷን ቀንድ ሌላዋ ውስጥ ብታስገቡ የሆነ ቦታ ላይ ትይዛለች። ከላይም ብትጫኗት ከጎንም ብትገፏት አታልፍም። ሞዞው ውስጥ ሁለት እንዲህ ያሉ ቀንዶች በቀጭን በኩላቸው ተያይተው ተቀምጠዋል። ከጫፍ በክር የሚታሰረው ብረት፣ ዳዶው፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጨምቃቸዋል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምን ያህል እንደሚጨመቁ የሚወስነው ፋብሪካው አይደለም፤ ያሰረው ሰው እጅ ነው።

ቪጎ የሚባለው ሃይሉክስና ከዚያ ወዲህ የመጡት ፎር ዊሎች ላይ፣ ማለትም ከ2005 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ፣ ኩሽኔታው አንድ ወጥ ሆኖ ታሽጎ ነው የሚመጣው። የሚስተካከል ነገር የለውም። በፕሬስ ወጥቶ በፕሬስ ይገባል። መዶሻ ይዞ የሚቀርብ ካለ መኪናችሁን አስነስታችሁ ሂዱ።

እንግዲህ ጥፋተኛውን ጎማ እንለይ። የጎማ ጥርስ ድምፅ አስፋልቱ ሲቀየር ይቀየራል። የኩሽኔታ ድምፅ ግን አስፋልቱም ላይ ኮረኮንቹም ላይ ያው ነው። ሰፊና ባዶ ቦታ ላይ መሪውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ግራ ስታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ያኔ ድምፁ ከጨመረ የቀኙን ጠርጥሩ። ወደ ቀኝ ስታጠፉ ከጨመረ የግራውን።

ቀጥሎ ክሪክ። የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ ይደረጋል፣ መኪናዋ ትነሳለች፣ ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ ትቀመጣለች። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለች መኪና ስር የሚገባ ሰው ብዙ አይቻለሁ። እባካችሁ አትግቡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። «ቋ» ካለ ልቅ ነው። ግን አትቸኩሉ፤ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ። ፍሬን ሲረገጥ ልቅነቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ችግሩ ከሱ ወዲያ፣ ጎማው ከመሪው ጋር የሚታጠፍበት መገጣጠሚያ ላይ ነው። ግራና ቀኙን ይዛችሁ ስትነቀንቁት ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ቲራንቲውን፣ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ፣ እዩ። በመጨረሻ አንድ እጃችሁን ባልስትራው (መኪናዋን የተሸከመው ተደራራቢ የብረት ምላስ) ላይ አድርጋችሁ በሌላው ጎማውን አሽከርክሩት። የታመመ ኩሽኔታ ባልስትራው ላይ ባለው እጃችሁ ይነዝራል። የኔው ነዘረ።

ሽማግሌው ካሊፐሩን፣ የፍሬን ሸራዎቹን የሚጨብጠውን ክፍል፣ ፈትተው በሽቦ አሰሩት። በፍሬኑ ቱቦ ተንጠልጥሎ እንዲቀር አልፈለጉም። ሞዞውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘውን ሎክ አወለቁ። ከሥሩ ሁለት ሰፋፊ ዳዶዎች አሉ፣ በመሐላቸው ጠርዟ የምትታጠፍ ስስ ቆርቆሮ። እነዚህን ዳዶዎች የሚፈታው 54 ቡሶላ (ባለ 54 ሚሊ ሜትር የዳዶ መፍቻ) ነው። ሰውዬው ግን ቡሶላውን ከማንሳታቸው በፊት ዳዶውን በባትሪ ብርሃን አዩትና ሳቁ። ጠርዙ በየቦታው ተነክሷል። «ይሄ በመሮ የታሰረ ነው» አሉኝ።

አንደኛው ገዳይ ይሄ ነበር። ቡሶላው የሌለው ጋራዥ መሮውን ዳዶው ጠርዝ ላይ ያስደግፍና በመዶሻ እየመታ ያዞረዋል። ዳዶው ይዞራል፣ ይጠብቃል። ምን ያህል ጠበቀ ብትሉት ግን መልስ የለም። በጣም ከጠበቀ ሮለሮቹ ይጨነቃሉ፣ ይግላሉ፣ ግራሶው (ወፍራሙ ቅባት) ቀልጦ ይወጣል፣ ብረቱ ሰማያዊ ይሆናል። ከላላ ደግሞ ሞዞው ይንገዳገዳል። ሞዞው ሲንገዳገድ ፓራኦሊዮው አብሮ ይጨፍራል፣ ጠርዙ ይከፈታል፣ ጭቃውም መግቢያ አገኘ ማለት ነው። የፍሬን ሸራውንም ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ወለል የሚነካው አንዳንዴ ለዚህ ነው።

ሞዞው ወጣ። ሮለሮቹ ከሞዞው ጋር ሲወጡ ሁለት የብረት ቀለበቶች ግን ሞዞው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ሮለሮቹ የሚሽከረከሩት በነሱ ላይ ነው። ሽማግሌው የሮለሩን ቁጥርና የቀለበቱን ቁጥር በየተራ አስነበቡኝ። የተለያየ ፋብሪካ ነው። ሮለሩ አዲስ፣ ቀለበቱ የጥንት። ያ ጋራዥ የሚነቀለውን ቀይሮ የሚያስቸግረውን ትቶታል። ሮለርና ቀለበት አብረው ነው የሚገዙት፣ አብረው ነው የሚገቡት። አሮጌ ቀለበት ላይ የድሮው ሮለር የቆፈረው ቦይ አለ። አዲሱ እዚያ ላይ ሲሄድ ያው ኮረኮንች መንገድ ነው።

እዚህ ድረስ ሲደርሱ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከሞዞው ውስጥ ግራሶውን በጣታቸው አውጥተው አፍንጫዬ ስር አመጡት። ቀጥኗል። እንደ ቀጠነ ሽሮ ይንጠባጠባል። ሽታው ደግሞ የታወቀ ነው፤ የድኝ ሽታ ያለበት፣ የሚከረፋ። የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ዲፈረንሻሉ ያለው መሐል ላይ፣ ከጎማው ርቆ ነው። ዘይቱ ጎማ ምን ሊሠራ መጣ?

ይህን ለመረዳት አሮጌው ሃይሉክስና የላንድክሩዘር ፒካፑ ፊት እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ከግራ ጎማ እስከ ቀኝ ጎማ አንድ ወጥ የብረት ቤት ተዘርግቷል። በሁለቱ ጫፍ ላይ ትልልቅ የብረት ኳሶች አሉ፤ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞረው በነሱ ላይ ነው። አክስሉ በዚያ ቤት ውስጥ አልፎ በኳሱ ውስጥ ካለው መታጠፊያ ጋር ይገናኛል። ቤቱ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ኳሱ ውስጥ መኖር ያለበት ወፍራም ግራሶ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ የአክስል ፓራኦሊዮ ነው፤ ከአንባሻ ቁራሽ የማይበልጥ የላስቲክ ቀለበት። እሱ ሲደክም ዘይቱ ወደ ኳሱ ያልፋል፣ ግራሶውን ያቀጥነዋል። ከፊሉ ከኳሱ ጀርባ ይንጠባጠባል። ከፊሉ በአክስሉ በኩል ሾልኮ ሞዞው ድረስ ይመጣል። ኩሽኔታዎቹ ወፍራም ግራሶ ሲጠብቁ ሾርባ ይደርሳቸዋል። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚረግጥባቸው አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ የአክስሉ ፓራኦሊዮ ያለው ዲፈረንሻሉ ጎንና ጎን ነው። ሲያፈስ የምታዩት መሐል ላይ ነው እንጂ ጎማው ላይ አይደለም።

ጎማ ጀርባ ላይ ርጥበት ካያችሁ አሽትቱት። የሚከረፋው የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ወፍራምና የማይንጠባጠበው ግራሶ ነው። ቀጭን ሆኖ ቀለም የሚልጠው የፍሬን ዘይት ነው፤ እሱን ካያችሁ መኪናዋን አትንዷት። ዘይት የነካው የፍሬን ሸራም ታጥቦ አይመለስም፣ ይጣላል። ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን የምትጎትተው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ሽማግሌው የዲፈረንሻሉን ማፍሰሻ ፈቱት። የወጣው ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ከዚያ ከመኪናዋ ስር ተንሸራተው ገቡና ከአክስሉ ቤት ላይ ካለች አንዲት ትንሽ ክዳን ላይ በጥፍራቸው ጭቃ ፈቀፈቁ። የበቾ ጥቁር አፈር ነው፣ ደርቆ ሲሚንቶ ሆኗል። «አየኸው?» አሉኝ። «ነፍሰ ገዳዩ ይሄ ነው።»

ያቺ ክዳን የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ናት። ዘይቱ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ያብጣል፤ በሷ በኩል ይወጣል። እሷ ከተደፈነች አየሩ መውጫ ይፈልጋል። ከሁሉ ደካማው በር ፓራኦሊዮው ነው። ዘይቱን ይዞ በዚያ ይወጣል። በተቃራኒው ደግሞ አስቡት። 40 ኪሎ ሜትር የተነዳ፣ የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ቀዝቃዛ ኩሬ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ወደ ውስጥ ይስባል። በመተንፈሻው አየር መሳብ ካልቻለ በፓራኦሊዮው ጠርዝ ውሃ ይስባል። ሐምሌ ላይ ያንን ኩሬ ስሻገር ዲፈረንሻሌ ውሃ እየጠጣ ነበር። እኔ ግን የማማው ኩሽኔታ ሻጩን ነበር።

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርጄ ዕቃውን ሳመጣ አሮጌዎቹን ይዤ ነው የሄድኩት። በስም መግዛት አያዋጣም፤ በቁጥር ነው የሚገዛው። ኩሽኔታው ላይ ቁጥሩ ብረቱ ውስጥ ተቀርጿል። ፓራኦሊዮው ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ቁጥሮች አሉ። የውስጥ ቀዳዳው፣ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ ናቸው፣ በሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ከጠፋ በካሊብሮ፣ ሚሊ ሜትር በሚለካው መሣሪያ፣ ይለካል። ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን የሚሉ የጃፓን ስሞች ካርቶን ላይ ማተም ቀላል ስለሆነ ካርቶኑን ሳይሆን ብረቱን እዩ። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ሮለሩ ሻካራ፣ ዋጋው ከሁሉም ሱቅ ግማሽ ከሆነ መልሱት።

ማታ ሁለቱን ቀለበቶች በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኳቸው። ባለቤቴ «ይሄ ደግሞ የምን ሥጋ ነው?» አለች። ብረት ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይሸሻል፤ ለመግባት ይቀለዋል። ጠዋት አሮጌዎቹ በነሐስ ዘንግ፣ ግራ ቀኝ እየተፈራረቁ ተመትተው ወጡ። አዲሶቹ በአሮጌው ቀለበት እየተገፉ ገቡ። መዶሻው መጀመሪያ «ቋ፣ ቋ» ይላል። ቀለበቱ መጨረሻው ላይ ሲቀመጥ ድምፁ «ድም» ወደሚል ይለወጣል። ያን ጊዜ ማቆም ነው።

ግራሶ አሞላሉ የሥራው ደስ የሚለው ክፍል ነው። መዳፋችሁ ላይ ለጎማ ኩሽኔታ የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ ታደርጋላችሁ። የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን መዳፋችሁ ጠርዝ ላይ እየጫናችሁ ታስገቡታላችሁ፣ በላይኛው በኩል ብቅ እስኪል። ከዚያ ትንሽ ታዞሩታላችሁ፣ እንደገና። አሮጌው ግራሶ መጀመሪያ በናፍታ ይታጠብ፤ ሲደርቅ ብቻ አዲሱ ይግባ። በኮምፕረሰር እያሽከረከሩ ማድረቅ የሚወዱ ልጆች አሉ። ድምፁ ደስ ይላል፣ ግን ያለ ግራሶ የሚበር ሮለር ሊበላሽ፣ ተፈናጥሮም ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ፓራኦሊዮ ላይ ሦስት ነገር ተማርኩ። ትንሿ የሽቦ ሞላ ያለችበት ጎን የሚያየው መያዝ ወደሚገባው ዘይት ወይም ግራሶ ነው። ጠርዙ ሳይገባ ግራሶ ይቀባል፤ ደረቁን ከገባ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ያቃጥሉታል። ሦስተኛው ለአክስሉ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። አክስሉ ከባድ ነው፣ ጫፉ ላይ ጥርስ አለው። ሲገባ ክብደቱን ላስቲኩ ላይ ካሳረፋችሁት ጥርሶቹ አዲሱን ፓራኦሊዮ እንደ ቢላ ይቆርጡታል፤ ሳትነዱት ማፍሰስ ይጀምራል። ሽማግሌው አክስሉን ከሥር በእጃቸው ደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ነው ያስገቡት። በተጨማሪም አክስሉ ላይ አሮጌው ላስቲክ የቆፈረው ቦይ ካለ በጥፍር ይታወቃል። ያኔ ፓራኦሊዮውን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ፈቀቅ አድርጎ ማስቀመጥ ወይም ቶርኖ ቤት መሄድ ነው። የኳሱን ጀርባ የሚጠርገው ላስቲክና ስፖንጅ መሰሉ ጨርቅም አብሮ ተቀየረ። ኳሱ በአዲስ ግራሶ ተሞላ።

የመጨረሻው ዳዶው ነው። መጀመሪያ ሞዞውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ጠበቅ ያደርጉታል፣ ወደ 60 ኒውተን ሜትር። ይህ ማለት 30 ሳንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ እንደማንጠልጠል ነው። ዓላማው ሮለሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ነው። ከዚያ በእጅ እስኪዞር ያላሉታል፣ እንደገና በጥቂቱ ያጠብቁታል። በቂ መሆኑ የሚታወቀው በሚዛን ነው። ሽምብራ በኪሎ የምሸጥባትን ትንሽ ተንጠልጣይ ሚዛን አምጣ አሉኝ። ካሊፐሩ ሳይገጠም ሚዛኗን አንዱ የጎማ ቡሎን ላይ አስረው ቀስ ብለው ሳቧት። ሞዞው መዞር ሲጀምር 4 ኪሎ አለች። እንዲህ ላሉ አሮጌ ቶዮታዎች ከ3 እስከ 6 ኪሎ አካባቢ ነው የሚፈለገው፤ የመኪናችሁ መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱ ይቅደም። ቆርቆሮዋ ታጠፈች፣ ሁለተኛው ዳዶ ታሰረ። ሲያስሩት የመጀመሪያው ትንሽ አብሮ ሊዞር ስለሚችል ሚዛኗን እንደገና ሳቡ።

መተንፈሻዋ ታጠበች። በላስቲክ ቱቦ ቀጥለን ጫፏን ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ባትሪው አጠገብ ከፍ አድርገን አሰርናት። ከሥራው ሁሉ ርካሹ ይሄ ነበር። እኔን ብትጠይቁኝ በቾ የምትመላለስ መኪና ሁሉ ኩሽኔታዋ ሳይነካ በፊት ይህች ቱቦ ልትደረግላት ይገባል።

በማግስቱ ከሰበታ ተፍኪ ነዳሁና ወርጄ ሁለቱን የፊት ሞዞዎች በእጄ ጀርባ ነካኋቸው። ለብ ብለዋል፣ እኩል። አንዱ ከሌላው በጣም ቢግል ጠብቋል ማለት ነበር። ወፍጮው ጠፍቷል። 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ በክሪክ አንስቼ ቀኙን ነቀነቅኩት፤ ዝም አለ። የኳሱ ጀርባም ደረቅ ነው።

መቼም ተንበርክኬያለሁ ብዬ የግራውንም ኳስ ጀርባ በጣቴ ጠረግኩት። ጣቴ ረጥቦ ወጣ። አሸተትኩት። ከረፋኝ።